የሞተር ጾምና ፍስክ

ባቡር ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በረሓውን ሲያቋርጥ ቆይቶ በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ከተራራው ግርጌ በደረሰ ጊዜ፣ ወደ ሐረር የሚያወጣው አቀበት ለሐዲድ የማይቀመስ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ እዚያው አሸዋው ላይ ጣቢያውንና መጠገኛውን ዘርግቶ ተቀመጠ፤ ስለዚህም ብዙዎቹ የአገራችን ከተሞች በደብር ወይም በገበያ ወይም በመኳንንት ግቢ ዙሪያ ሲቆረቆሩ፣ ድሬዳዋ በጋራዥ ዙሪያ የተቆረቆረች ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዚህ አወላለድ ምልክት እስከ ዛሬ በነዋሪዋ ጠባይ ላይ ታትሞ ይታያል፤ ይኸውም የድሬ ሰው የቆመ ሞተር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም።

በሌላ አገር ሰው ሞተር ሳይክሉ መንገድ ላይ ቢጠፋበት ላቡን እየጠረገ ብቻውን ይገፋል፤ ድሬ ላይ ግን ገና ማቆሚያውን በእግሩ ሳያወርድ ጉባኤ ይሰየማል። ከጉባኤው አባላት አንደኛው ተሳፋሪዎቹን ፀሐይ ላይ አስቀምጦ የወረደ የባጃጅ ነጂ ነው፤ ሁለተኛው ከምድር ባቡር በጡረታ የተሰናበተ፣ ደመወዙ እንጂ አስተያየቱ ያልተቀነሰበት ሽማግሌ ነው፤ ሦስተኛው ለበርጫ የሚሆነውን እስር በብብቱ ሸጉጦ ወደ ቤቱ ሲቸኩል የነበረ፣ የቆመ ሞተር ባየ ጊዜ ግን ችኮላው የሚለቀው ጎልማሳ ነው፤ አራተኛዋ ከዛፉ ጥላ ሥር ቡና የምታፈላው እናት ናት፤ እርሷም ከጀበናዋ አጠገብ ሳትነሣ ፍርዷን ትሰጣለች፣ እኔ እንደ ታዘብኩትም ከአራቱ ይልቅ አብዝታ የምትሳሳተው እርሷ አይደለችም። ሁሉም ተናጋሪ በየተራው «አቦ» ብሎ ይጀምርና «ካርቡራተሩ ነው» ብሎ ይፈጽማል። ሰልባቲዮው ባዶ ሆኖ ጠብታ ቤንዚን በሌለበት ጊዜ እንኳ ይኸው ፍርድ ሲሰጥ ሰምቻለሁ።

ይሁን እንጂ ጉባኤው ያለ ምክንያት በካርቡራተር ላይ አይፈርድም። ርካሽና አሮጌ የሆነ ሞተር ሳይክል ሌላው አካሉ ሁሉ ትዕግሥተኛ ነው፤ ፍሬኑ ቢላላ በእግር ይረዳል፣ መብራቱ ቢጠፋ በቀን ይነዳል፣ ማርሚታው ቢበሳ ድምፁ ይጨምርና ባለቤቱ ከሩቅ ይታወቃል እንጂ ከመንገድ አይቀርም። ካርቡራተር ግን የእኅል ቅንጣት የማታህል አቧራ በአንዲት ቀዳዳው ውስጥ ብትቀመጥ ሥራውን አቁሞ ባለቤቱን በእግሩ ያስኬደዋል፤ በአሸዋ ላይ በተሠራች ከተማ፣ ያውም ደቻቱ የተባለው ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ከውሃ ይልቅ አሸዋ በሚፈስበት አገር፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ይዞ መኖር ራሱን የቻለ ተጋድሎ ነው።

የዛሬው ነገሬ ስለ ጎረቤቴ ስለ መምህሩ ሞተር ሳይክል ነው። መምህሩ ይህን ሞተር ከሰው እጅ ገዙት፤ የሸጠላቸውም ሰው ከሌላ ሰው የገዛው ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበረውን የትውልድ ሐረግ ለመቍጠር የሚሞክር ሰው የታሪክ ጸሐፊ መሆን ይገባዋል። ሊብሬው የቻይና ሥራ መሆኑን ይመሰክራል፤ ሆኖም የሞተሩን ሆድ ከፍቶ ያየ መካኒክ ሁሉ ነገዱ ከጃፓን መሆኑን አያጣውም። ሆንዳ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሞተር ሳይክሎቹን በእስያ ድኻ አገሮች ሲሸጥ፣ ገዢዎቹ ዘይት መቀየርን እንደ ትርፍ ሥራ እየቈጠሩ፣ በላይኛው የሞተሩ ክፍል በሰንሰለት የሚዞረውን ረቂቅ መሣሪያ እየፈጁ ስላስቸገሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲ ጂ 125 የሚባለውን ሞተር አወጣ፤ ይህም ሰንሰለቱን ትቶ ቫልቮቹን በዘንግ የሚገፋ፣ የባለቤቱን ቸልተኝነት የሚሸከም፣ ቀለል ያለ ሞተር ነበር። ኩባንያው የሰውን ጠባይ ከመለወጥ ሞተሩን መለወጥ ይቀላል ብሎ የወሰነ ይመስላል፤ እኔም በዚህ ውሳኔው ከብዙ የግብረ ገብ መምህራን ይልቅ ብልህ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ የቻይና ፋብሪካዎች ይህንኑ ሞተር እየቀዱ፣ የተቀዳውንም መልሰው እየቀዱ፣ በየስሙ ለዓለም በተኑት፤ በፓኪስታን ደግሞ እስከ ዛሬ በዋናው ስሙ ይሠራል። እንግዲህ የመምህሩ ሞተር ወንድም እኅት የሌለው ብቸኛ አይደለም፤ ችግሩ ወንድሞቹ ከመብዛታቸው የተነሣ የማን ዕቃ ለማን እንደሚሆን መለየት ማስቸገሩ ነው።

ወደ መምህሩ ደዌ ከመግባቴ በፊት ስለ ካርቡራተር ጥቂት ልበል፤ አንባቢዬ መካኒክ ከሆነ ይህን ክፍል ዘሎት ቢያልፍ አልቀየምም።

አየር በቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ጠባብ ጉሮሮ ቢያጋጥመው ይፈጥናል፤ ሲፈጥንም ግፊቱ ይቀንሳል። ካርቡራተር በዚህ ጉሮሮ ሥር ቤንዚን የተጠራቀመበት ትንሽ ሳህን አስቀምጦ፣ ግፊቱ በቀነሰ ጊዜ ቤንዚኑ በአንዲት ቀዳዳ ባላት የናስ ብሎን በኩል ተመጦ እንዲወጣና ከአየሩ ጋር እንዲቀላቀል ያደርጋል፤ ይህችም ናስ መካኒኮቻችን ጅግለር የሚሏት ናት። የጠባቡን ጉሮሮ ነገር በውሃ ላይ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1797 በፓሪስ ያሳተመው ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ የተባለው ኢጣልያዊ ሊቅ ካህን ነበር፤ በዚያ ዘመን ቤንዚን የሚሸጥበት ማደያ ቀርቶ ቤንዚንን የሚፈልግ ሰውም አልነበረም። መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው እ.ኤ.አ. በ1893 ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ የተባሉ ሁለት የሀንጋሪ መሐንዲሶች ቤንዚንን በአየር ላይ የሚረጭ ካርቡራተር ሠርተው የፈጠራ መብቱን በስማቸው አስመዘገቡ፤ ሐሳቡም የመጣላቸው አንዲት አበባ ሻጭ ልጅ አበቦቿን ውሃ እፍ እያለች ስታረሰርስ ባዩ ጊዜ ነው ተብሎ ይተረካል። ትረካው እውነት ከሆነ ካርቡራተር ጥንቱን ከእፍታ የተወለደ ነውና፣ የደቻቱ ዳር መካኒክ የተደፈነችውን ጅግለር አንሥቶ በአፉ እፍ ሲላት ሥራውን ባለማወቅ ሳይሆን ወደ ጥንተ ተፈጥሮው በመመለስ ነው ብለን ልንከራከርለት እንችላለን።

ካህኑን ካነሣሁ ዘንድ የጾምና የፍስክን ነገር ባነሣ ነውር አይሆንብኝም። ቤንዚን በደንብ ተቃጥሎ ያልቅ ዘንድ ለአንድ እጅ ቤንዚን በክብደት 14.7 እጅ አየር ያስፈልገዋል፤ በሊትር ሲሰፈር አንድ ሊትር ቤንዚን 9,000 ሊትር ያህል አየር ይፈልጋል ማለት ነው። ቤንዚኑ ከዚህ ልክ ያለፈ እንደ ሆነ ሞተሩ ፍስክ ላይ ነው፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ የባለቤቱም ኪስ ይሳሳል። ቤንዚኑ ያነሰ እንደ ሆነ ደግሞ ሞተሩ ጾም ገብቷል፤ ይግላል፣ አቀበት ላይ ጉልበት ያጣል፣ ካንዴላው እንደ አመድ ይነጣል። ነገር ግን ሞተር በዚህ ረገድ ከምእመን ይለያል፤ ፍስኩ ሲበዛ ያቆሽሸዋል እንጂ ወዲያው አይገድለውም፣ ጾሙ ሲበረታ ግን ፒስቶኑን አቅልጦ በአንድ ቀን ያሰናብተዋል። ሊቃውንቱ በጾም ጊዜ ስለሚደረገው ብዙ ጽፈዋል፤ በፀሐይ ሙቀት መካከል ስለሚጋልብ የ125 ሞተር ግን የተጻፈ ሥርዓት የለምና ሁሉ በመካኒኩ ጆሮና ዐይን ላይ የተጣለ ሆኗል።

የመምህሩ ሞተር ረቡዕና ዓርብን የማያውቅ ፈስኪ ነበር። ጠዋት ከሳቢያን ሰፈር ወደ ከዚራ ሲወርዱ ከኋላቸው የሚከተለው ጭስ ለተማሪዎቻቸው ደወል ሆኖ ያገለግል ነበር፤ ጭሱን ከሩቅ ያየ ተማሪ ሮጦ ከመስመሩ ይገባል። መምህሩም ይህን ጥቅም አይተው ይሆናል ብዙ ጊዜ ታገሡት፤ ሆኖም የነዳጅ ዋጋ በየጊዜው ሲጨምር ደመወዝ ደግሞ በዚያው ስለሚቆም፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን እየገፉ ደቻቱ ዳር ወዳለው ጋራዥ ወሰዱት፤ እኔም ለመካሪነት ተከተልኩ፤ ባለጋራዡ መካሪ አጥቶ እንደማያውቅ ዘንግቼ አልነበረም።

መካኒኩ ገና ወጣት ነው፤ ጥበቡን የወረሰው ግን ከምድር ባቡር መጠገኛ በወጡ ሽማግሌዎች እጅ ካደጉ ሰዎች ነው። በዚያ መጠገኛ ከፈረንሳይ ዕቃ እስኪመጣ መጠበቅ ስለማይቻል የጎደለው ብረት በዚያው በቶርኖ ይወጣ ነበርና፣ ከዚያ የወጣ ሰው ሁሉ «የለም» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ይቈጥረዋል። መካኒኩ ካርቡራተሩን ፈትቶ አንድ የቆርቆሮ ሰሐን ላይ በተራ ዘረጋው፤ ሳህኑን፣ ተንሳፋፊውን፣ መርፌዎቹን፣ ሁለቱን ጅግለሮች፣ ከነዳጅ መስጫው ሽቦ ጋር ወጣ ገባ የምትለውን ቫልቭና ሞላዋን። ከዚያም ትልቋን ጅግለር በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ፀሐይ አቅንቶ አየባትና ለመምህሩ ዘረጋላቸው።

«ጋሼ፣ ይቺ የሱ አይደለችም። የባጃጅ ናት። የባጃጅም ሆና ደግሞ በመርፌ ተበስታለች።»

በዚህ ጊዜ ጉባኤው ሙሉ ነበረ። የባጃጁ ነጂ ስለ ባጃጅ ክብር ተቈጣ፤ «የባጃጅ ዕቃ ምን ይወጣለታል? ለሁሉ ይሆናል እኮ!» አለ። እውነቱን ለመናገር ከእርሱ ወገን ሆኖ የሚከራከር አይታጣም፤ ድሬዳዋ ባጃጅ የሞላባት ከተማ እንደ መሆኗ የባጃጅ መለዋወጫ በየሱቁ እንደ ጨው ስለሚገኝ፣ በዚህች ከተማ ውስጥ የተሰበረ ነገር ሁሉ፣ የውሃ ፓምፕ ይሁን የልብስ ስፌት መኪና፣ ቢያንስ አንድ የባጃጅ ብሎን ሳይገባበት አይቀርም። ጅግለር ግን ብሎን መምሰሏ ነው እንጂ ሥራዋ የቀዳዳዋ ነው። በአንዳንዱ የጃፓን አሠራር በላይዋ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳዋን ስፋት ያመለክታል፤ 100 የተባለችው አንድ ሚሊ ሜትር ናት፣ 105 የተባለችውም በሚሊ ሜትር ከመቶ አምስት እጅ ብቻ ትሰፋለች። ይህችን ልዩነት ዐይን አያያትም፤ የቀዳዳው ስፋት በክብ ሲሰላ ግን አሥር በመቶ ይጨምራልና ሞተሩ በአፉ ያገኛታል፣ ባለቤቱም በኪሱ ያገኛታል። እንግዲህ ቀድሞ የነበረው ባለቤት የተደፈነች መስሎት በስፌት መርፌ ሲወጋት፣ ለስላሳ የሆነው ናስ ለብረት እየተሸነፈ ቀዳዳው እየሰፋ ሄዶ፣ ሞተሩ ወደ ዘላለማዊ ፋሲካ ገብቶ ነበር።

ጅግለር ለመግዛት መጋላ ገበያ ሄድን። ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ሱቅ ስንዞር የተሰጠን መልስ በዜማው ይለያይ እንጂ በቃሉ አንድ ነበር፤ ጅግለር ለብቻዋ አትሸጥም፣ ካርቡራተሩን ሙሉውን ውሰዱ። የናስ ቅንጣት ለምትሆን አንዲት ዕቃ ሲባል ቤንዚን የማያውቁ ሃያ ተጓዳኝ ብረቶችን መግዛት፣ ጨው ፈልጎ የጨው ነጋዴውን ግመል እንደ መግዛት ያለ ነገር ነው፤ ቢሆንም የቻይናው ካርቡራተር ዋጋ ከአንድ ወር ትርፍ ጭስ ያነሰ ስለ ነበር መምህሩ ከፈሉ። ባለሱቁ ሣጥኑን ሲያስረክባቸው «ኦሪጅናል ነው» አላቸው። ሣጥኑ ላይ የታተመውን የጃፓን ስም ብዙ ፊደል ሲጎድለው አየሁት፤ ዋጋው ግን አንዳች አልጎደለበትም።

ጋራዥ ስንመለስ ጉባኤው አልተበተነም ነበር፤ ይልቁንም አባላቱ ጨምረው ነበር። የባጃጁ ነጂ «አዲሱን እንዳለ ግጠመው፣ አሮጌውን ጣለው» አለ። ጡረተኛው ሽማግሌ ዘንጋቸውን ወደ ሰሐኑ እያመለከቱ በተቃራኒው ተናገሩ፤ «ልጄ፣ ሁሉን ባንዴ ከለወጥክ ሞተሩ ቢድን ያዳነውን አታውቅም፣ ቢታመምም ያሳመመውን አታውቅም። አንድ ዕቃ ለውጥ፣ አስነሣ፣ ስማ፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው እለፍ።» እኔ በሕይወቴ የሰማሁት የሕክምናም ሆነ የመንግሥት ሥራ ምክር ከዚህ የተሻለ የለም፤ መካኒኩም ለሽማግሌው ነገር ተገዛ።

የአሮጌው ካርቡራተር አካል ከአዲሱ ይልቅ የከበደና የተጣራ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ወጣ ገባ የምትለዋም ቫልቭ በውስጡ ሳትንቀጠቀጥ ልክ ስለ ገባች፣ አካሉ እንዲቀር ተፈረደ። ከአዲሱ ጅግለሯ ብቻ ተነቀለች። መካኒኩ ካቻቢቴውን ከማንሣቱ በፊት በጣቱ ብቻ አዙሮ ሞከራት፤ ያለ ጭንቅ እስከ ሥሯ ስትሄድ ጊዜ ፈገግ አለ። ሰዉ ለምን በጣት እንደ ጀመረ ሲጠይቀው፣ ሰሐኑ ጥግ ላይ ያለችውን ሌላ ጅግለር አነሣና አሳየን፤ ይህችኛዋ በመልክ ከመጀመሪያይቱ የማትለይ ስትሆን ጥርሷ ግን ሌላ ነበረ፤ ሁለት ዙር ገብታ ትቆማለች፣ እንግዲህ የሚገፋት ሰው ካቻቢቴ ከያዘ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ጥፋት ትሄዳለች፤ የካርቡራተሩም አካል ከዚያ ወዲያ ለወረቀት መጫኛ ካልሆነ ለሌላ አይረባም።

ከዚያ በኋላ የተደረገውን ግን በሰፊው ካልጻፍኩት ኅሊናዬ አይፈቅድም። በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል ያለችው ጓርኒሲዮን ተበልታ ነበር፤ በዚያ በኩል ያልተፈቀደ አየር ሰርጎ ከገባ ጅግለሩ የቱንም ያህል ልክ ቢሆን ድካም ነው፣ ሞተሩ ባለቤቱ ሳይነካው ብቻውን ይጮኻል። መካኒኩ ከጫማ ሣጥን ክዳን ላይ አንድ ቁራጭ ቀደደ፣ ካርቶኑንም በብረቱ አፍ ላይ አስተኛና ትንሽ መዶሻ አንሥቶ በክቡ ጫፏ በኩል ጠርዝ ጠርዙን ቀስ እያለ ይነካካው ጀመር፤ መቀስ የለ፣ ቢላ የለ፣ እርሳስ የለ፤ የብረቱ ጠርዝ ራሱ ካርቶኑን ከሥር እየቈረጠ፣ በመጀመሪያ የሁለቱ ብሎኖች ቀዳዳ፣ ቀጥሎ የጉሮሮው ክብ፣ በመጨረሻም የውጭው ዙሪያ እንደ ማኅተም ጥርት ብሎ ወጣ። የተቈረጠውን ክብ እፍ ብሎ ጣለው። ሳይለካ የለካ፣ ሳይሥል የሣለ እጅ ነበር፤ በዚያ ሣጥን ለብሶ የመጣው ጫማ ምን ዓይነት እንደ ነበር አላውቅም እንጂ እንደ ክዳኑ ያለ ማዕርግ የደረሰ አይመስለኝም። ካርቶኑን ጥቂት ዘይት አቅምሶ በቦታው አስቀመጠው፣ ሁለቱንም ብሎኖች ተራ በተራ እያፈራረቀ አጠበቀ።

ሞተሩ በመጀመሪያው ርግጫ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ተነሣ። ሚኒሞውን በጆሮው እያዳመጠ አስተካከለና መምህሩ እስከ ለገሃሬ ደርሰው እንዲመለሱ ላካቸው። ሲመለሱ ካንዴላው ተፈቶ በጉባኤው መካከል ዞረ፤ ጥላሸቱ ቀርቶ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ነበረ። ቡና አፍይዋ እናት ከሁሉ በፊት ተቀብላ አየችውና «ልክ ነው» አለች፤ በቀለም ነገር ከእርሷ የሚበልጥ ዳኛ በዚያ አልነበረምና ጉዳዩ ተዘጋ። ሰዓቱም ስድስት ተኩል ሆኖ ነበር፤ በዚያ ሰዓት በድሬ ሞተር ብቻ ሳይሆን ፀሐይም ሰውን ስለምታሳድድ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ከተማው ጸጥ አለ።

ነገሩ በዚህ ባለቀ መልካም ነበር። ግን መምህሩ የቁልቢ ገብርኤል ስለት ነበረባቸው።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ናት፤ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ የደንገጎን አቀበት ሲወጣ ሰውንም ሞተርንም ይፈትናል፤ የቁልቢ ተጓዥም ይህንኑ አቀበት ይወጣል። ከፍታ በጨመረ ቍጥር አየሩ ይሳሳል፤ በድሬ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ከአሥር አንድ እጅ ያህል የጎደለ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን ከአምስት አንድ እጅ ይጎድላል። አየሩ ሲቀንስ ጅግለሯ ያንኑ ያህል ቀዳዳ ይዛ ስለምትቀር ሞተሩ ሳያስበው ይፈስካል፤ ስለዚህም ታኅሣሥና ሐምሌ በገቡ በ19 ቀን ለንግሥ ወደ ቁልቢ የሚወጣ ሕዝብ ሲጾምና ሲጸልይ፣ ሞተሩ ግን በመንገዱ ሁሉ የጠቆረ ጭስ እያጨሰ ይፈስክ ነበር። የተገላቢጦሹም አለ፤ በአዲስ አበባ ልክ የተስተካከለ ሞተር በባለቤቱ ዝውውር ወደ ድሬ ሲወርድ ጾም ይገባና፣ ያውም በዚያ ሙቀት፣ ባለቤቱ ሞተሩ ድሬን አልወደዳትም ብሎ ያማርራል።

መካኒኩ ለዚህ የሚሆን ትንሽ ጥበብ ነበረው። በጉሮሮው መካከል የምትንጠለጠለው ረጅም መርፌ በራሷ በኩል አምስት ጥርሶች አሏት፣ በአንደኛው ጥርስ ላይ ትንሽ ክሊፕ ተይዛ ትቆማለች፤ ክሊፗ ወደ ላይኛው ጥርስ ስትዛወር መርፌዋ ዝቅ ብላ የቤንዚኑን መንገድ ታጠባለች። ይህ ደንበኛውን ሳንቲም የማያስወጣ፣ ጅግለር የማያስለውጥ ሥራ ነው። «ለገብርኤል አንድ ጥርስ» አለና አወረደላቸው፤ «ሲመለሱ ግን ጋሼ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ፣ እመልሰዋለሁ፤ በዚህ ሙቀት እንደዚያ ከነዱት ያቃጥሉታል።» እንግዲህ ሞተሩ ከባለቤቱ ጋር ጾሞ ወጣ፣ ሲመለስም በመካኒኩ እጅ ፈሰከ። ከሃይማኖት ሰዎች መካከል በዚህ የሚቀየም ቢኖር የጉሮሮውን ነገር የመረመረው ካህን መሆኑን ያስታውስልኝ።

ስለ «ኦሪጅናል» አንድ ቃል ሳልናገር ካለፍኩ ደግሞ ከባለሱቆቹ ጋር የታረቅሁ ይመስላል። በድሬ ገበያ ኦሪጅናል ያልሆነ ዕቃ አይሸጥም፤ አንዱ የጃፓን ኦሪጅናል ነው፣ አንዱ የህንድ ኦሪጅናል ነው፣ አንዱም የቻይና ኦሪጅናል ነው፣ ከሁሉ ዝቅ ያለው ደግሞ «ኮፒ ኦሪጅናል» ይባላል። እኔ በዚህ ክርክር ከየትኛውም ወገን አልቆምም። የመምህሩ ሞተር የቻይና አካል ላይ የቻይና ጅግለር፣ የህንድ ክሊፕ፣ የድሬዳዋ ካርቶን ይዞ እየሄደ ነው፤ የሚጠጣው ቤንዚንም በፊት ይጠጣ ከነበረው ጋር ሲተያይ መምህሩ በሚሰማ ድምፅ ተመስገን ይላሉ። ልኩ ትክክል የሆነ ዕቃ ወገኑን አይጠየቅም፤ ልኩ ያልሆነ ዕቃ ደግሞ ከንጉሥ መዝገብ ቢወጣ ሞተሩን ከማቃጠል አይመለስም።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው፣ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው ይሉኛል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት በየመንገዱ ይታያሉ፤ ባቡሩም ቢሆን በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው ተመርቆ ጣቢያውን ከከተማው ወጣ አድርጎ ሠርቷል። ይህን ነገር ለጡረተኛው ሽማግሌ ባነሣባቸው ጊዜ ጥቂት አሰቡና «ኤሌክትሪኩ መልካም ነው፤ ሲበላሽ ግን ለማንም አይታይም፤ ምን እንደ ሆነ ሰዉ ሳይሰማ ነው የሚሞተው» አሉኝ። ነገራቸው እውነት አለበት፤ ባትሪ ሲሞት ጉባኤ የሚሰየምበት ነገር የለም፣ ባጃጅ ነጂው ወርዶ ቢያይ የሚያየው ፕላስቲክ ብቻ ነው። ሆኖም በየቤቱ ጥግ ላይ ያሉት አሮጌ ሞተሮች ከነካርቡራተራቸው ገና ብዙ ዓመት ይኖራሉ፤ ድኻ የያዘውን ነገር ቶሎ አይለቅምና።

ስለዚህ ልመናዬ ለመጋላ መለዋወጫ ነጋዴዎች ነው። ጅግለርን ለብቻዋ አስመጡልን፤ ከ90 ጀምሮ እስከ 120 በየቁጥሩ ለይታችሁ፣ ቁጥሩ ከላይዋ ላይ ሳይፋቅ፣ በትንሽ በትንሽ ሣጥን ደርድራችሁ ሽጡልን። ትርፉ ከሙሉ ካርቡራተር ያነሰ መሆኑን እናውቃለን፤ ገዢው ግን ይበዛላችኋል፣ ለንግሥ የሚወጣውም ሁሉ በታኅሣሥና በሐምሌ ከደጃችሁ አይጠፋም።